ስድስት ቃል

በቆዳ ፋብሪካው ውስጥ በመዝገብ ቤት ሳያልፍ ወደ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ የሚወጣ ወረቀት የለም። መዝገብ ቤት ማለት ደግሞ ጸሐፊው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመካኒኩን፣ የዘበኛውን፣ የመጋዘን ሠራተኛዋን ጥያቄና አቤቱታ እየተቀበለ፣ ልብስ እያለበሰ፣ ከረባት እያሰረ ወደ ላይ ሲልክ ኖሯል። «ጥሬ ቆዳ እንደ መጣ ይሸጣል እንዴ?» ይል ነበር። «ጸጉሩ ይነሣል፣ ይለፋል፣ ይቀባል። የሰው ቃልም እንደዚያው ነው።»

ደብዳቤዎቹ ሁሉ «እንደሚታወቀው» ብለው ስለሚጀምሩ ሠራተኛው «ጋሽ እንደሚታወቀው» የሚል ስም አውጥቶለታል። ስሙን ሰምቷል፤ አልከፋውም፣ እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም። አንድ ጊዜ የመጋዘኗ ሠራተኛ አምፖል ተቃጥሎባት ሌላ እንዲሰጣት ብትጠይቅ፣ ጥያቄዋ ከፋብሪካው ምሥረታ ተነሥቶ፣ ብርሃን ለሰው ልጅ ሥልጣኔ የዋለውን ውለታ ዘርዝሮ፣ አምፖሉ ጋ የደረሰው በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ነው። ሴትዮዋ ሦስት ወር በእጅ ባትሪ ቆዳ ስትቆጥር ከረመች። ብትወቅሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ መለሰላት። እሷም «ጋሼ፣ እኔ ጋ ሥሩም ጥሩም አይታይም፤ ጨለማ ነው» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ ቆይቶ አንድ ብልሃት አገኘ። የጸሐፊው ደብዳቤ ሲደርሰው ገጾቹን ይገለብጥና የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ ያነባል። «ጉዳዩ ጭራው ላይ ነው» ይላል። ጸሐፊው ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም አምፖል የሆነ እንደሆነ አምፖሉን፣ ፈቃድ የሆነ እንደሆነ ፈቃዱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያስቀምጥለታል። ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተግባቡበት አሠራር ነበር፤ ለዓመታትም ሠርቷል።

የፍሳሽ ፓምፑን የሚጠብቀው ሰው፣ ሁሉም ባለፓምፑ የሚለው፣ የጸሐፊው የታናሽ እኅት ባል ነው። ቃል አውጥቶ መስጠት የሚያመው ዓይነት ሰው ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የመዝገብ ቤቱን በር ከፍቶ፣ ጭቃ የነካውን ቦቲውን ወደ ውስጥ ላለማስገባት ደፉ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ እኅትዎን እወዳታለሁ። እሷም እሺ ብላኛለች» አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ቀሪውን ጠበቀ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ልጅቷ በእሱ እጅ ነው ያደገችው፤ ስለ ዘመዶቹ፣ ስለ ኑሮው፣ ስለ ሐሳቡ አንድ ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ። ቀና ሲል በሩ ላይ ማንም የለም፤ ሰውየው ወደ ፓምፑ ተመልሷል።

«ደረቅ ሰው ነው» አላት እኅቱን።

«ነው» አለች። «ግን አደርጋለሁ ያለውን ያደርጋል።»

ተጋቡ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። ጸሐፊው እሑድ እሑድ ቤታቸው ምሳ ይበላል። እሱ ያወራል፣ እኅቱ ትስቃለች፣ ባለፓምፑ ዳቦ ይቆርሳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ያው ሰው ያው ደፍ ላይ ቆመ። በእጁ ከጨው ከረጢት ላይ የተቀደደ ወረቀት ይዟል። ጀርባው ላይ በወፍራም እርሳስ፣ ተራርቀው በቆሙ ፊደላት እንዲህ ተጽፏል፦

ጉድጓዱ ይገድላል። ሽታው ቢጠፋም ሰው አይግባ።

ጉድጓዱ በፋብሪካው ጓሮ ነው። ቆዳው ከሚነከርበት ከኖራ ቤቱና ከአሲድ ማጠቢያው የሚወርደው ፍሳሽ የሚጠራቀምበት፣ የሁለት ሰው ቁመት የሚወርድ፣ በብረት መሰላል የሚገባበት ጉድጓድ። ፓምፑ ከተበላሸ ዘጠኝ ቀኑ ስለሆነ ፍሳሹ እዚያው ተኝቶ ሰንብቷል። አርብ ደግሞ የውጭ ገዢዎች ይመጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ግቢው እንዲጸዳ፣ ጉድጓዱም እስከ ወለሉ ተጠርጎ እንዲጠብቅ አዟል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጸሐፊው ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ።

«ለሥራ አስኪያጁ ነው።»

«ይሄማ ደብዳቤ አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ነገር ነው።»

«ከትናንት ወዲያ ሁለት ድመት ጠርዙ ላይ ሞተው አገኘሁ። ዛሬ ጠዋት ስደርስ ደግሞ ሽታው የለም። ሽታው ሄዶ አይደለም፤ አፍንጫ ነው ቀድሞ የሚሞተው። ቀጥሎ ሰውየው ነው።»

ለባለፓምፑ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። ጸሐፊው ያንን ልብ ማለት ይገባው ነበር፤ አላለም።

«ማን ነገረህ?»

«በፊት የምሠራበት ቦታ ሁለት ሰው ሲወጣ አይቻለሁ። ሬሳ።»

«እሺ፣ ግባና ተቀመጥ። ከመጀመሪያው አስረዳኝ፤ ፓምፑ መቼ ተበላሸ፣ ማን ነበር፣ ምን…»

«ጋሼ፣ እንዲሁ ይላኩት።»

«ለሥራ አስኪያጅ ‹ይገድላል› ተብሎ አይጻፍም። ያውም የእንግዳ ሰሞን። ቃሉ ይከብዳል።»

«ነገሩ ስለሚከብድ ነው።»

«ለእኔ ተወው» አለ ጸሐፊው። «በወጉ ይደርሳል።»

ባለፓምፑ ወረቀቱን አንዴ አየው። «የሚያጸዱት ሐሙስ ነው» አለና ሄደ።

ጸሐፊው ቀኑን ሙሉ ደብዳቤው ላይ ዋለ። ሦስት ገጽ ሆነ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ፋብሪካው እድገትና ስለ ሥራ አስኪያጁ ብልህ አመራር ነው። ማስጠንቀቂያው በሁለተኛው ገጽ መሐል እንዲህ ሆኖ ገባ፦ «በመሆኑም በፋብሪካው ጓሮ በሚገኘው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው የአየር ሁኔታ፣ በዘርፉ ልምድ ካላቸው ባልደረቦች ከቀረበው አስተያየት አንጻር ሲታይ፣ ለሠራተኞች ጤንነት በሁሉም ረገድ የተሟላ ምቹነት አለው ብሎ ለመደምደም ከሚያስችል ደረጃ ላይ ገና ያልደረሰ ስለሚመስል፣ ሁኔታዎች በፈቀዱ መጠን ተገቢው ጥንቃቄ ቢታከልበት መልካም ሳይሆን እንደማይቀር በትሕትና እናሳስባለን።» ጽፎ ሲጨርስ ሁለት ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አነበበው። ወደደው። «ይገድላል» የምትለዋ ቃል የት እንደገባች ግን እሱም ቢሆን ፈልጎ አያገኛትም።

የቀረው የመጨረሻው አንቀጽ ነበር። እዚህ ላይ እጁ ትንሽ ቆሟል። ሥራ አስኪያጁ የሚያነበው እሱን ብቻ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው መቀመጥ የነበረበት እዚያ ነው። ሰውየው ግን በእንግዶቹ ምክንያት ሰሞኑን እንደ እሳት ሆኗል፤ በዚያው ጠዋት ሹፌሩን ሰው ፊት አዋርዶታል። ክፉ ወሬ ጫፍ ላይ ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚወጋው አምጪውን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ክፉውን መሐል ላይ ትቶ መጨረሻውን እንዲህ አሳመረው፦ «በመጨረሻም ለእንግዶቻችን አቀባበል በክቡርነትዎ ቆራጥ መመሪያ የተጀመረው የጽዳት ሥራ እጅግ የሚያስመሰግን መሆኑን እየገለጽን፣ ሠራተኛው ሁሉ ከጎንዎ መሆኑን እናረጋግጣለን።» ጽፌዋለሁ አለ በልቡ፤ ገጽ ሁለት ላይ አለ፣ የሚያነብ ያንብበው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

የከረጢቱን ወረቀት አልጣለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መዝገብ ቤት ደግሞ ጭራሽ አይለቅም። ቀኑን ጠርዙ ላይ ጽፎ፣ አጥፎ፣ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ከላይ ተመለሰ። በመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ በቀይ ብዕር «ጽዳቱ ይፋጠን» ተብሎ ተፈርሞበታል። ጸሐፊው ያችን ቀይ መስመር ብዙ አያት። ከመዝገብ ቤት እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያለው ደረጃ አሥራ አራት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስለተመላለሰበት ያውቀዋል። ወጥቶ «ጌታዬ፣ ገጽ ሁለትን ይመልከቱልኝ» ማለት ይችል ነበር። ምናልባት አንብቦት ይሆናል፣ አንብቦም ይሆናል እንዲህ የወሰነው፣ እኔ ከእሱ አላውቅም ብሎ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከተተው።

ረቡዕ ጠዋት ባለፓምፑ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ቆመ።

«ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ምን አለ?»

«ተመርቶበታል» አለ ጸሐፊው።

ተመርቶበታል ማለት ወደ ማን፣ ለምን፣ እንዴት ተብሎ እንደሆነ ባለፓምፑ አልጠየቀም። በእሱ ዘንድ ደረሰ ከተባለ ደረሰ ነው። ራሱን ነቅንቆ ሄደ፤ እግረ መንገዱን ያፏጭ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሲያፏጭ ተሰምቶ አያውቅም።

ሐሙስ የፓምፑን ዕቃ እንዲያመጣ ከተማው ዳር ወዳለ ወርክሾፕ ተላከ። ሰው አይገባም ብሎ ስላመነ ልቡን ጥሎ ሄደ። እሱ እንደወጣ የጽዳቱ ኃላፊ ሁለት ሠራተኞችን አካፋና ባልዲ አስይዞ ወደ ጉድጓዱ ሰደዳቸው። አንደኛው «ዛሬ ደግሞ አይሸትም፣ ዕድላችን ነው» ብሎ ወረደ ይባላል።

ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ለእንግዶቹ የሚነበበውን የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር እያሳመረ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ ቆዳ የሚያለፉት ትልልቅ የእንጨት በርሜሎች ቀን ሙሉ ይዞራሉ፤ ድምፃቸው ከወለሉ በጫማ በኩል እስከ ጉልበት ይሰማል። ከረጅም ልማድ የተነሣ ማንም ልብ አይለውም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ ቆመ። የቀለም ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጡን አቆመ። ጸሐፊው ብዕሩን እንደያዘ ተነሣ፤ ለምን እንደተነሣ ገና ሳይነገረው ወደ ውጭ ሮጠ።

ጓሮው ሲደርስ ሰው ጉድጓዱን ከብቧል። ከሁለቱ ሠራተኞች አንደኛው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ተኝቶ ያቃስታል፤ ሌላው ከጎኑ ተዘርግቷል፣ ፊቱ ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጃኬት ጥለውበታል። ከጠርዙ ዳር አዲስ የፓምፕ ዕቃ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ባለፓምፑ ከወርክሾፕ ሲመለስ መሰላሉ ላይ ገመድ አይቶ፣ ካርቶኑን አስቀምጦ፣ ሸሚዙን አፍንጫው ላይ አስሮ ወርዷል። አንዱን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ መሰላሉ አጋማሽ ገፍቶ ለሰው አቀበለ። ለሌላው ተመለሰ። እሱንም አቀበለ፤ ራሱ ግን አልወጣም።

በኋላ በኦክስጅን ጭምብል የገባ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው ያወጣው። እርሳሱ ከደረት ኪሱ አልወደቀም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ጸሐፊው እኅቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። የሰባት ዓመቷ ልጅ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የአባቷን የእጅ ሰዓት ጆሮዋ ላይ ይዛለች።

«ጋሼ» አለች እኅቱ ቀስ ብላ። «ሰኞ ማታ ‹ጽፌ ለወንድምሽ ሰጠሁት፣ አሁን ቀለለኝ› ብሎኛል። አደረስክለት አይደል?»

ጸሐፊው ማስረዳት ጀመረ። አንድ ሰነድ ከመዝገብ ቤት ሲወጣ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች እንዳሉ፣ የመሥሪያ ቤት ነገር ውስብስብ እንደሆነ፣ ከእሱ የሚጠበቀውን ሁሉ በተቻለ መጠን…

«አደረስከው?»

«አድርሻለሁ።»

ግንባሯን ትከሻው ላይ አድርጋ አለቀሰች። «አውቅ ነበር፣ አንተ ባትኖር ማን ይሰማው ነበር» አለች። ጸሐፊው እንባዋ በኮቱ አልፎ ሸሚዙን ሲያርሰው ተሰማው፤ ከዚያ ቦታ ተነሥቶ መጥፋት፣ አለመፈጠር ተመኘ። አልተነሣም፤ እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ መታ መታ ያደርጋት ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት አጣሪዎች መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ነች። የተረፈው የጽዳት ሠራተኛ እየሳለ መሰከረ። ባለፓምፑ ሲወርድ ምን እንዳለው ሲጠየቅ «‹ትንፋሽህን ያዝ› አለኝ፤ ሌላ አላለም» አለ። ሥራ አስኪያጁ ሦስቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። የደረሰኝ ምስጋና ነው፤ ይኸው» አለ። ሰብሳቢዋ ገጽ ሁለትን በእርሳስ እየተከተለች አነበበች። መለስ ብላ እንደገና አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች፤ ከዚያ ተወችው።

«እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«ሟቹ የፓምፕ ሠራተኛ በጽሑፍም ሆነ በቃል አስጠንቅቆ ነበር? አዎን ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

ወረቀቱ ከተቀመጠበት ወንበር ሃያ እርምጃ ላይ፣ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ቢያወጣው የእሱ ሦስት ገጽ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ፊደል የቆጠረ ሕፃንም ቢሆን ሁለቱን አስተያይቶ ይፈርዳል። ጸሐፊው አፉን ከፈተ። «እንደሚታወቀው» አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ወጣት በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ። ሰብሳቢዋ «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» ብላ አቋረጠችው። አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። ሲወጣ የመጋዘኗን ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ አገኛት፤ «ጋሼ፣ ነገሩ ጋ ደረሱ?» አለችው። 

ውሳኔው ወር ሳይሞላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። «አደጋው የደረሰው የፓምፕ ሠራተኛው በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አደጋ ባለማሳወቁ ነው።» እጥር ምጥን ያለ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ጸሐፊው በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ጽፎ አያውቅም። ማንም ሰው አንዴ አይቶ ይረዳዋል፣ ለሚስቱም ወስዶ ይነግራታል። የፈለሰፈው አንዳች ነገር ባይኖርም ለዚያ ውሸት ቦታ የለቀቀለት እሱ ራሱ መሆኑ ገባው። በነጋታው ዓይኔን አሞኛል ብሎ አልገባም፤ በሦስተኛው ቀን ገባ፣ የሰሌዳው ወረቀት ግን እዚያው ነበር።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ እኅቱ መጣች። የባሏን ቦቲና የሥራ ልብስ እንድትወስድ ተጠርታ ነው። ቦቲዎቹን በአንድ እጇ አንጠልጥላ፣ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ገንጥላ በሌላው ይዛ፣ የመዝገብ ቤቱ ደፍ ላይ ቆመች።

«ልጄን ትምህርት ቤት ‹አባትሽ ሰው አስገደለ› አሏት» አለች። «እኔ ‹አይደለም፣ እሱ ተናግሯል፣ አጎትሽ ያውቃል› አልኳት። እዚህ ደግሞ አላሳወቀም ይላል።»

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ወረቀቱ የት ነው?»

ጸሐፊው ተነሣ። ተንበርክኮ የታችኛውን መሳቢያ ሳበ። ከጨው ከረጢት የተቀደደውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ቦቲዎቹን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። አነበበችው። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ ዓይኗ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው አንዴ ብቻ ሄዶ አለቀ።

«እሱ ነው» አለች። «እንዲህ ነው የሚናገረው።» ቀጥላም «ታዲያ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች።

«እንደሚታወቀው አንድ ሰነድ…»

«ጋሼ።»

ወረቀቱን አንሥታ አቆመችው።

«እሱ ቢሆን እንዴት አድርጎ ይነግረኝ ነበር? እንደዚያ ንገረኝ።»

ከወለሉ በታች በርሜሎቹ ይዞራሉ። ጸሐፊው ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀማቸውን ቃላት ሁሉ ወደ ጎን ተወ።

«አልላክሁትም» አለ። «ሌላ ጻፍኩ።»

«በሌላው ላይ ‹ይገድላል› ትላለህ?»

«አልልም።»

«ጨርሶ አላነሣኸውም?»

«ገጽ ሁለት ላይ አለ። መሐል።»

እኅቱ ከእሱ ጋር ነው ያደገችው። የሥራ አስኪያጁን ልማድ በእሑድ ምሳ ላይ እየሳቀ ያጫወታት ራሱ ነው። ዓይኑን እያየች ጠየቀችው፦ «ሰውየው መጨረሻውን ብቻ እንደሚያነብ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አውቀህ ነው መሐል ያደረግከው።»

«ፈርቼ ነው» አለ። «አዎን። አውቄ ነው።»

እኅቱ የውሳኔውን ወረቀት ገልብጣ፣ ባዶውን ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ «ጻፈው» አለች። «ስሙን ከወሰድክበት ቦታ መልሰህ አስቀምጥለት።»

ጸሐፊው ተቀምጦ ብዕር አነሣ። «ለክቡር» ብሎ ጀመረና ሰረዘው። «ከፍተኛ ኀዘን እየተሰማኝ» ብሎ ጻፈ፤ እሱንም ሰረዘ። ኀዘኑ እውነት ነበር፤ ግን እሱም ልብስ ነው፣ ከሥሩ የሚደበቅበት። እኅቱ አልቸኮለችም፣ አልረዳችውም። ሌላ ወረቀት ሳበና ጻፈ።  ሲጨርስ ሁለት መስመር ሆነ፦

ይህን ወረቀት ባለፓምፑ ሰኞ ሰጠኝ፤ አስጠንቅቋል።
እኔ ደበቅሁት።

ከሥሩ ስሙን ብቻ ጻፈ፤ ማዕረጉንም ማኅተሙንም አላደረገም።

አብረው ወደ ሰሌዳው ሄዱ። የከረጢቱን ወረቀት ከላይ፣ የእሱን ሁለት መስመር ከታች አድርጎ በአራት መርፌ ሰካው። የፈረቃ ለውጥ ሰዓት ስለነበር ሠራተኛው መሰብሰብ ጀመረ። ከፊት የቆመው አነበበ፤ አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደበትም፣ ለኋለኛው ቦታ ለቀቀ። የመጋዘኗ ሠራተኛም መጣች። አንብባ ዘወር ስትል ጸሐፊውን አየችው፤ ዛሬ አልቀለደችም። እየሳለ የመሰከረው የጽዳት ሠራተኛ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ወረቀቱ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ሌላ የቀረ አለ?» አለች እኅቱ።

«የለም።»

ቦቲዎቹን አነሣች። ጸሐፊው ሊይዝላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። ለሁለት እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመችና ዞር አለች። በልጅነቷ ጸጉሯን እያበጠረ ፊደል ያስቆጠራት ወንድሟን ረጋ ብላ አየችው።

«ከእንግዲህ ቤቴ አትምጣ» አለች።

ጸሐፊው ቀሪውን ጠበቀ። ለጊዜው ማለት ይሆናል፣ ኀዘኗ እስኪወጣላት ማለት ይሆናል፣ አንድ ነገር ትጨምራለች ብሎ ጠበቀ። ቀና ሲል እኅቱ የግቢውን በር አልፋ ሄዳለች። ቀሪ አልነበረውም።